ሌሊት የማይተኛው ነብሮ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር፣ መነሻ

ድመቱ ነብሮ ይባላል። ወንድ ነው፣ ስምንት ወር ገደማ፣ ግራጫ ዥንጉርጉር፣ 3.6 ኪሎ። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ወለሉ ሴራሚክ። የምንኖረው እኔና እናቴ ነን። እኔ ሞባይል ጥገና እሠራለሁ፣ እሷ ሱቅ አላት። ስለዚህ ቀን ቀን ቤቱ ባዶ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። መብራት አጥፍተን ጋደም ስንል ሩጫው ይጀምራል። ከሳሎን ተነሥቶ ኮሪደሩን ይነዳዋል፣ ሶፋ ላይ ይወጣል፣ ከሶፋ ወደ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን ወለሉ ላይ ዱብ። ንጋት ላይ ደግሞ የመኝታ ቤቴ በር ሥር ቁጭ ብሎ ይጮኻል፣ በሩን ይቧጥጣል።

እኛስ ለምደነዋል። ታች ቤት ግን አራስ አለች። እናቷ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ዕቃ የምታዘዋውሩት ለምንድን ነው? ሕፃኑ እየባነነ ነው» አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፣ ለዚህም ነው የከበደኝ። «ይቅርታ እትዬ፣ ድመት ነው። መላ እፈልግለታለሁ» አልኳቸው። ማስታወሻውን የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

የሰው ምክር በአብዛኛው አንድ ነው፦ ውጭ ይደር። አያድርም። ግቢው ውስጥ የውሻ መንጋ አለ፣ መኪናም አለ። ሌላው ምክር ደግሞ የባሰ ነው፦ ግማሽ ክኒን ይዋጥ። የሰው መድኃኒት ለድመት መርዝ ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል በተለይ። የድመት ጉበት በወጉ ሊያስወግደው ስለማይችል አንድ እንክብል እንኳ ይገድላል። ይህን ያነበበ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይርሳ።

ኅዳር፣ ቀረጻ

ምን ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ መጀመር አልፈለግኩም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ፍሪጅ ላይ አቁሜ ቻርጀር ሰካሁበት። ጨለማ ውስጥ ስለማይቀርጽ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ የሶኬት መብራት ተውኩለት። በማግስቱ ቪዲዮውን በፍጥነት እያሳለፍኩ አየሁት። ወጪ፦ የለም።

ያየሁት ካሰብኩት ይለያል። «ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጥ ያድራል» እንል ነበር፤ አይሮጥም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ይጀምርና 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያበቃል። ከዚያ ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣና እስከ 12 ሰዓት በር በር ይላል። በመሃል አምስት ሰዓት ያህል እንቅልፍ አለው።

ይህ ደግሞ የጤነኛ ድመት ልክ ነው። ድመት ብርቱ የምትሆነው ሲመሽና ሲነጋ ነው። አይጥ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው፤ እሷም ለማየት የሚበቃት ብርሃን እኛ ከሚያስፈልገን አንድ ስድስተኛው ያህል ነው። በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ነብሮ ይህን እንቅልፍ የሚጨርሰው እኛ ሥራ ስንውል ነው። ቀኑን ስቀርጸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ድረስ ሶፋው ላይ ነው፤ ተነሥቶ ውኃ ከመጠጣትና መስኮቱን ከማየት በቀር ሥራ የለውም። ቀኑ የሚጀምርለት እኛ ስንገባ ነው።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባል የለ? እውነት ነው፣ ማስረሳትም አልፈልግም። ማድረግ የምችለው ሰዓቱን ማዛወር ነው። የምሽቱን ሩጫ ቀደም አድርጎ እኛ ሳንተኛ መጨረስ። የንጋቱን ምግብ ደግሞ ከእኛ እጅ ማውጣት።

ቪዲዮው ላይ ያየሁት ሌላ ነገር የበረንዳ አምፖሉ ነው። ሲበራ ሲያድር የእሳት እራት ይሰበስባል፤ ነብሮ መስኮቱን የሚደልቀው እነሱን ሊይዝ ነው። አምፖሉን ማጥፋት ጀመርን። የመስኮቱ ድለቃ በዚያው ሌሊት ቆመ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ቀላሉ እሱ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ፣ ሐኪም

ከጨዋታና ከምግብ በፊት ጤናውን ማየት አለብኝ ብዬ ወሰድኩት። የሚጮኽ ድመት ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ዕድሜው የገፋ ድመት ሌሊት መጮኽ ከጀመረ፣ ብዙ እየበላም ከከሳ፣ የታይሮይድ ዕጢው ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታያል። ነብሮ ገና ጎረምሳ ነው። ጆሮው ንጹሕ፣ ጥርሱ ደህና፣ የሆድ ትላትል ግን አለበት። መድኃኒቱን ወሰደ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ተከተበ። 1,200 ብር።

ሐኪሙ ወዲያው ያነሣው ጉዳይ ማኮላሸት ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሽታ እየተከተለ ልውጣ ይላል፣ ይጮኻል፣ ሽንቱን ግድግዳ ላይ ይረጫል። እናቴ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። «ፍጥረቱን ለምን ትነካኩታላችሁ?» አለችኝ። ከደረጃው ሥር የተጣሉትን የድመት ግልገሎች አሳየኋት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

ተኮላሸ፣ 3,000 ብር። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ቁስሉን እንዳይልስ የአንገት መከላከያውን ራሴ ከኤክስሬይ ፊልም ቆረጥኩለት፤ ጠርዙን በጨርቅ ፕላስተር ሸፈንኩት። ልብ በሉ፣ ለውጡ በማግስቱ አይታይም። ሆርሞኑ ከቀነሰ በኋላም ጠባዩ እስኪለወጥ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በር ሥር የሚያሰማው ረጅም ጩኸት ወደ ታኅሣሥ አጋማሽ ቀነሰ። ሩጫው ግን ንክች አላለም። ሩጫው የወንድነት ጉዳይ አልነበረም።

ታኅሣሥ፣ ጨዋታ

መጀመሪያ ሌዘር ገዛሁ፣ 150 ብር። ነብሮ እንደ ጥይት ነው የሮጠው፣ ደስ አለኝ። ሳጠፋው ግን ግድግዳውን ማፍጠጥ ያዘ። ከሶፋ ሥር ፈለገ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ፈለገ። ያ ሌሊት ከወትሮው ባሰ። ምክንያቱ ገብቶኛል። የድመት አደን ተራ አለው፦ ያያል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ዘሎ ይይዛል፣ ይነክሳል፣ ይበላል፣ ይልሳል፣ ይተኛል። ሌዘር ማሳደዱ ላይ ያስቆመዋል። የሚያዝ ነገር የለውም። ሌዘሩ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ቀጥሎ ዱላ ሠራሁ። አንድ ሜትር ገደማ ሸንበቆ፣ ጫፉ ላይ ወፈር ያለ ገመድ፣ የገመዱ ጫፍ ላይ የአሮጌ ሹራብ ቁራጭ። 40 ብር፣ ለገመዱ። አጨዋወቱን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ጨርቁን ወደ ፊቱ ባመጣው ዝም ብሎ ያየዋል። አይጥ ወደ ድመት አይመጣማ። ከእሱ እያራቅኩ፣ ከሶፋ ጀርባ እያስገባሁ፣ ጫፉን ብቻ እያሳየሁ ሳንቀሳቅሰው ሌላ ድመት ይሆናል። መጀመሪያ ሆዱን ከወለሉ ያጣብቃል። ጆሮዎቹ ወደ ፊት ይመጣሉ፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋና ቢጫው ሊጠፋ ይደርሳል። ከዚያ የኋላ እግሮቹን ያፈራርቃል፣ ቂጡ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይህን ካየሁ ጨርቁን ቀጥ አደርገዋለሁ። ቀጥ ሲል ነው የሚዘልለው።

ድመት የአጭር ርቀት ሯጭ ነው። አንዴ ወጥሮ ማጫወት ያስለከልከዋል፣ አያደክመውም። አምስት ደቂቃ ጨዋታ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አምስት ደቂቃ። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ቀስ አደርጋቸዋለሁ፣ እንዲይዝም እተውለታለሁ። ይዞ በኋላ እግሩ ሲረግጠው ገመዱን አልጎትትም። «ገደለ»፣ አበቃ። ሰዓቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው።

ገመዱን ሁልጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። የድመት ምላስ ሻካራ ስለሆነ ክር ከገባበት ሊተፋው ይቸግረዋል፣ ይውጠዋል። የተዋጠ ክር አንጀቱን ይሰበስብና ይቆርጠዋል። የእናቴ የስፌት ክር ያለበትን ሣጥንም እንዲሁ ከፍ አድርገን ነው ያስቀመጥነው።

ውጤት፦ ሩጫው በግማሽ ቀነሰ። ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ይሮጥና ይተዋል። ዱብታው ግን አለ፣ ንጋቱም እንዳለ ነው።

ታኅሣሥ፣ ምግብ

እስካሁን የሚበላው የተገኘውን ነበር። ከወጥ የተረፈ ሥጋ፣ እንጀራ በመረቅ፣ ወተት። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም፤ ሽሮውም ቢሆን። ወተትም ላደገ ድመት አይስማማም፣ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ሁሉም ቀረ።

አሁን የሚበላው፦ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዶሮ፣ ሲገኝ ልብ። ልብ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፣ ድመት ደግሞ ያለ ታውሪን ዓይኑም ልቡም ይጎዳል። ጉበት በየዕለቱ አይሆንም፣ ቫይታሚን ኤው ይበዛበታል። ሥጋ ብቻውን ግን የተሟላ ምግብ ስላልሆነ ዋናው ደረቅ የድመት ምግብ ነው። ኪሎው ያኔ 1,100 ብር አካባቢ ነበር። ያማል፣ ግን አራት ኪሎ የሚመዝን ድመት በደረቅ ብቻ ቢኖር 50 ግራም አካባቢ ይበቃዋል። በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናለሁ። ከተኮላሸ በኋላ ድመት ቶሎ ስለሚወፍር በዓይን ግምት መስጠት አይሆንም።

ጾመ ነቢያት ስለነበር አንድ ነገር መስተካከል ነበረበት። እናቴ የጾም ዕቃዋ እንዲነካካ አትፈልግም፣ ልክም ናት። ለነብሮ የራሱ ትንሽ ድስት፣ የራሱ ቢላዋ፣ የራሱ ማንኪያ ተገዛለት። 350 ብር። ድስቱ ላይ ቀይ ቀለም አደረግኩበት። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ በምግብ ጉዳይ ጭቅጭቅ የለም።

ዋናው ለውጥ ግን ሰዓቱ ነው። ትልቁ ምግብ ድሮ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ እንደገባን ነበር። አሁን ከጨዋታው ቀጥሎ ሆነ፣ 3 ሰዓት ከ40። አደን፣ ከዚያ መብል። በልቶ ሲጨርስ ፊቱን በመዳፉ ይጠራርጋል፣ ጀርባውን ይልሳል፣ ሶፋው ላይ ይጋደማል። የሚሠራው ነገር ይህ እንደሆነ የገባኝ ጨዋታውን ትቼ ምግቡን ብቻ የሰጠሁ ቀን ነው፤ በልቶ ተነሥቶ ሮጠ። ምግብ ያለ ጨዋታ አልሠራም። ጨዋታ ያለ ምግብም ያው ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ አጣናና ቃጫ

በሩን የሚቧጥጠው መቧጠጥ ስላለበት ነው። የጥፍሩን አሮጌ ሽፋን ይጥላል፣ ጀርባውን ይዘረጋል። ሌላ ቦታ ካላገኘ በሩን አይተውም።

ደረቅ አጣና ፈለግኩ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው። 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆረጥኩት፤ ድመቱ ሙሉ ተዘርግቶ ካልደረሰበት አይጠቀምበትም። ባሕር ዛፍ ስለሆነ ልጡን ሙልጭ አድርጌ ልጬ ሽታው እስኪጠፋ በረንዳ ላይ አቆየሁት። የባሕር ዛፍ ዘይት ለድመት አይሆንም። ከላይ 60 ሳንቲ ሜትሩን በ8 ሚሊ ሜትር የቃጫ ገመድ ጠመጠምኩት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 75 ዙር፣ አንዱ ዙር ከነገመዱ ውፍረት 34 ሳንቲ ሜትር፤ 25 ሜትር ተኩል ገመድ ገደማ። ገመዱን ጫፍና ጫፉ ላይ በሚስማር፣ መሃሉን በነጭ ኮላ ያዝኩት። ሚስማሩ ጭንቅላቱ ገመዱ ውስጥ እስኪሰምጥ መመታት አለበት።

መሠረቱ መጀመሪያ 35 በ35 ቺፕውድ ነበር። ዘሎ ሲይዘው ተንገዳገደ፣ ነብሮም ሁለተኛ ሳይጠጋው ቀረ። 50 በ50 አድርጌ ሁለት ድርብርብ ሠራሁ፣ ከሥር በረዥም ብሎን አሰርኩት። አሁን ንቅንቅ አይልም። ያቆምኩት ጥግ ላይ ሳይሆን በሩ አጠገብ ነው፣ ቀድሞ በሚቧጥጥበት ቦታ። አጣና 120፣ ገመድ 480፣ ቺፕውድ 300 ብር። በሩን ትቶ ወደዚያ ሄደ።

ዱብታውን ለመቀነስ ቁም ሳጥኑ ሥር፣ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ በምንጣፍ ሸፍኜ ዘረጋሁ። መስኮቱ አጠገብም ከኮምፔርሳቶ መደርደሪያ ሰቀልኩለት፣ በትራፓኖ በስቼ፣ በፊሸርና በብሎን። አራት ኪሎ ዘሎ ሲያርፍ ጭነቱ ከክብደቱ ብዙ ስለሚበልጥ ሁለት ሳይሆን አራት ብሎን ነው ያደረግኩት። ከዚያ ሆኖ እርግብና ሰው ያያል። ቀን ላይ ትንሽ ነቅቶ መዋል ጀምሯል፣ የፈለግኩትም ይህን ነው። ጠዋት ስንወጣ ጎኑ የተበሳሳ ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ምግብ እንጥልለታለን፤ እያንከባለለ ፍሬ በፍሬ ያወጣል።

ጥር፣ ንጋት

ምሽቱ ተስተካከለ። ከገና በኋላ የዱላው ጫፍ ላይ የታጠበ የዶሮ ላባ ተጨምሯል፣ ከጨርቁ ይልቅ እሱን ወዷል። የቀረው ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ጩኸት ነው።

እዚህ ላይ ችግሩ ድመቱ ብቻ አይደለም። እናቴ 11 ሰዓት ላይ ለጸሎት ትነሣለች። ስትነሣ ይከተላታል፣ እሷም ታጎርሰዋለች። «እንስሳ ምን ያውቃል፣ ርቦት ነው» ትላለች። ነብሮ ከዚህ የተማረው ቀላል ነው፦ ከጮኽኩ ሰው ይነሣል፣ ሰው ከተነሣ ምግብ አለ። ቀደም ብሎ ቢጮኽ ደግሞ ቀደም ብሎ ይገኛል።

ዝም ለማለት ተስማማን። እስኪነጋ ማንም በር አይከፍትም፣ ማንም «ዝም በል!» አይልም። ቁጣም ቢሆን መልስ ነው፣ ሰው መንቃቱን ይነግረዋል። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከበፊቱ በጣም ባሱ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ድሮ ይሠራለት የነበረ ጩኸት አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚሞክረው አብዝቶ መጮኽን ነው። ትልቁ አደጋ እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ተሰላችቶ አንዴ ከተነሣ ድመቱ የሚማረው ረዘም አድርጎ መጮኽን ነው።

እናቴ ቻለች። የማልችለው እኔ ነበርኩ፣ ስለታችኛው ቤት ሕፃን እያሰብኩ። ጩኸቱ እስኪበርድ ሌላ ቤተሰብ ዋጋ እንዲከፍል ማድረግ ትክክል አልመሰለኝም። ዝምታው ብቻውን ሳይሆን ምግቡን የሚሰጥ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ማሽን።

ጥር፣ ማሽኑ፣ የመጀመሪያው ሙከራ

ሐሳቡ ነብሮ ከመንቃቱ በፊት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሰው ሳይነሣ ጥቂት ምግብ የሚጥል ነገር መሥራት ነው። ከውጭ የሚመጣውን ጠየቅኩ፣ ዋጋው አልቀመስ አለ። ዕቃውን ከመርካቶ ሰበሰብኩ፦ አርዱይኖ ናኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የቁጥጥር ሰሌዳ) 900፣ ዲኤስ3231 የሰዓት ሞጁል 500፣ ኤስጂ90 ሰርቮ ሞተር (በታዘዘው ልክ ብቻ የሚዞር ትንሽ ሞተር) 450 ብር። ካውያ (መበየጃ)፣ ቴስተርና ሽቦ የሥራ ዕቃዬ ናቸው።

ዲኤስ3231ን የመረጥኩት መብራት ቢጠፋም በራሱ ባትሪ ሰዓቱን ስለሚይዝ ነው፣ ስሕተቱም በዓመት አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን በገበያ ላይ የሚገኘው ሞጁል አንድ ችግር አለበት። ባትሪውን ለመሙላት የተሠራ ሰርኪዩት አለው፤ የሚገባበት ሲአር2032 (ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ) ደግሞ የሚሞላ ባትሪ አይደለም። 5 ቮልት ላይ ከተሰካ ባትሪው እየተነፋ ይሄዳል። ወደ ባትሪው ከረንት የምታሳልፈውን፣ ከባትሪ ማቀፊያው አጠገብ ያለችውን ዳዮድ በካውያ ነቀልኳት። ሰዓቱ ያለ እሷም ይሠራል።

ኮዱ ውስጥ ሰዓት የሚጻፈው በፈረንጅ ነው፤ 10፡15 ሌሊት ማለት 04፡15። አዲስ አበባ ላይ የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለያይ በየወቅቱ ማስተካከል አያስፈልግም።

አካሉ መጀመሪያ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነበር። ሰርቮው እንደ መቀርቀሪያ ክዳኑን ይይዛል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይለቀዋል፣ ላስቲክ ይከፍተዋል። ቀን ሲሞከር ሠራ። ሌሊት ነብሮ ጥፍሩን በክዳኑ ሥር አስገብቶ አነሣው። ቪዲዮው ላይ ሲሠራው ረጋ ብሎ ነው፣ አንዴ በግራ እጁ፣ አንዴ በቀኝ። ምግቡ ያለበት ቦታ እጁ የሚደርስበት ከሆነ አይዘልቅም።

ጥር መጨረሻ፣ ሁለተኛው ሙከራ

ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ገልብጬ ቂጡን ቆረጥኩ፣ ይህ ማጠራቀሚያው ነው። ከሥሩ የ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ክብ ሳህን ይዞራል፤ ሳህኑ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ከጠርሙሱ አፍ ሥር ሲሆን ይሞላል፣ 180 ዲግሪ ሲዞር መውጫው ላይ ይደርስና ይጥላል። ሰርቮው የሚዞረውም ያንኑ ያህል ነው። አንድ ዙር ስመዝነው 3 ግራም አካባቢ ነው። ሦስት ዙር፣ 9 ግራም፣ ለንጋት ይበቃል።

የተነሡ ችግሮች በቅደም ተከተል፦

ሳህኑ ሲዞር የምግቡ ፍሬ ጠርዝ ላይ ይቀረቀራል። ሰርቮው ሲታገል የፕላስቲክ ጥርሱ አለቀ። በኤምጂ90ኤስ ቀየርኩት፣ መጠኑ ተመሳሳይ ነው፣ ጥርሱ ብረት ነው፣ 700 ብር። መቀርቀሩ ግን በጉልበት አይፈታም። ጠርሙሱ አፍ ጠርዝ ላይ የስፖንጅ ቁራጭ አጣበቅኩ፤ ፍሬው ሲመጣ ስፖንጁ ይተጣጠፍለታል፣ አይቆረጥም። ኮዱም ላይ ሰርቮው ከመዞሩ በፊት ትንሽ ወደፊት ወደኋላ እንዲንቀጠቀጥ አደረግኩ።

ሰርቮው ሲነሣ ናኖው ሪሴት ያደርጋል፣ ማለትም ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሣል። ሞተሩ ሲነሣ የሚስበው ከረንት ቮልቴጁን ስለሚያወርደው ነው። 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም) ሰርቮው አጠገብ በየድኩ። ተፈታ።

መብራት ጠፋ። ሲጠፋ ማሽኑም ምግቡን ሳይጥል ሰዓቱ ያልፋል፣ ነብሮም ወደ በር ይመለሳል። ፓወር ባንክ ሞከርኩ፤ ማሽኑ ተኝቶ የሚስበው ከረንት ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ ምንም እንዳልተሰካበት ቆጥሮ ራሱን ያጠፋል። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ደህና የሆነ 18650 ሴል (የሚሞላ ሊቲየም ባትሪ) አወጣሁ፣ ከቲፒ4056 የባትሪ መሙያና ከኤምቲ3608 የቮልቴጅ ማሳደጊያ ጋር አገናኘሁት። ኤምቲ3608 እስከ 28 ቮልት ሊያወጣ ይችላል። ናኖው ላይ ከመሰካቱ በፊት በቴስተር 5 ቮልት ላይ ይስተካከላል፣ አለዚያ ናኖው ይቃጠላል። ሁለቱም ሞጁሎች 300 ብር።

ገፍትሮ ጣለው። ግድግዳ ላይ በፊሸር ታሰረ፣ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገባ። ሽቦ የሚያኝክ ድመት ላለው ሰው ይህ ግዴታ ነው።

የካቲት፣ አሁን ያለበት

ማሽኑን ያሰርኩት ከመኝታ ቤቶቹ ርቆ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ነብሮ የሞተሩን ድምፅ ለመደ። 10 ሰዓት አካባቢ ተነሥቶ የሚሄደው ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ማሽኑ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እዚያም ጮኸበት። ማሽን ጩኸት አይሰማም፤ በሰዓቱ ይጥላል፣ ከሰዓቱ በፊት አይጥልም። ጩኸቱን ከጥቂት ሌሊት በኋላ ተወው። አሁን ሥሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ይበላል፣ ተመልሶ ይተኛል። እናቴ 11 ሰዓት ስትነሣ ከእግሯ ሥር አይጠፋም፣ ግን ለመተሻሸት ነው። እሷም መጀመሪያ ጸሎቷን ታደርጋለች፣ እሱን የምታጎርሰው ከነጋ በኋላ ነው።

ሰዓቱን በየጥቂት ቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ እየገፋሁ ነው። አሁን 10 ሰዓት ከ55 ላይ ነኝ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ማቆም እፈልጋለሁ። አንዴ በግማሽ ሰዓት ስገፋው በር ላይ ተመልሶ መጣ። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

የታችኛዋን እትዬ ጠየቅኳቸው። «ሰሞኑን ተኝተናል፣ እግዜር ይስጥልን» አሉኝ። ዱብታ አልፎ አልፎ እንደሚሰማቸው ግን አልደበቁኝም። ከፍሪጁ ላይ የሚወርድበት ቦታ ነው፣ እዚያም ስፖንጅ ይነጠፋል።

የቀረው ሥራ የሁዳዴ ነው። ጾሙ ሊገባ ነው፤ ሉካንዳ ሲዘጋ ሥጋው ይቋረጣል። 55 ቀን፣ በቀን 50 ግራም፣ 2.75 ኪሎ ደረቅ ምግብ። ሦስት ኪሎ እገዛለሁ፣ 3,300 ብር። በድንገት ከቀየርኩት ሆዱ ስለሚበላሽ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሥጋውን በየቀኑ እየቀነስኩ ደረቁን እየጨመርኩ ነው። ደረቅ የሚበላ ድመት ውኃ ስለሚያንሰው ሁለተኛ የውኃ ሳህን ከምግቡ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። የማታው ምግብም ከጨዋታው በኋላ ያው ይቀጥላል፣ ሥጋው በደረቅ ይተካል እንጂ ሰዓቱ አይነካም።

ማጠራቀሚያው ላይ ክዳን አልሠራሁለትም፣ ትናንት ጉንዳን አገኘሁበት። ለአሁኑ የሁለት ቀን ብቻ እሞላለሁ፣ የቀረው ጠበቅ ያለ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ነው። ቅዳሜ የሃይላንዱን የተቆረጠ ቂጥ የሚገጥም ክዳን ከላስቲክ ማኅተም ጋር እቆርጣለሁ።